መነጽር ያደረገው ምርኮኛ

ታላቅ ወንድሜ ሆሳዕና ባለው ሆቴሉ የፊት ግድግዳ ላይ፣ እጆቼን የፊጥኝ አስሮ በሲሚንቶ አንበርክኮኝ ነበር። ይህን ስል ሰው በምሳሌ የምናገር ይመስለዋል። ምሳሌ አይደለም። ጉልበቴ፣ መነጽሬ፣ ከፊት የሳሳው ፀጉሬ ሳይቀር እዚያ ነበር፤ ከመናኸሪያ ወደ ገበያ የሚያልፍ ሁሉ ያየው ነበር። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ልናገር።

የተወለድነው ሺንሺቾ አጠገብ፣ እንሰትና ቡና ባለበት ግቢ ነው። ሦስት ነን። ታላቃችን ትምህርቱን ቶሎ ትቶ ቡና ነጋዴ ሆነ፤ ከቡናው የመኪና መለዋወጫ መደብር ከፈተ፣ ከመደብሩ ደግሞ ሆሳዕና ላይ ፎቅ ሆቴል ገነባ። ቀጥላ እህታችን ናት። አግብታ ሄዳ፣ ልጅ ሳትወልድ ባሏ ሲሞትባት ወደ አባታችን ግቢ ተመለሰች። የመጨረሻው እኔ ነኝ። ሆሳዕና ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ።

የሆቴሉ ግንባታ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ወንድሜ ቤቴ መጣ። በር ላይ የሚቆም ሐውልት ፈልጎ ነው።

"አንበሳ አልፈልግም" አለኝ ገና ሳይቀመጥ። "አንበሳ ክትፎ ቤቱም አለው፣ ነዳጅ ማደያውም አለው። አንተ የተማርክ ነህ። ሰው አይቶት የማያውቀውን ነገር አሳየኝ።"

በደስታ ተነሣሁ። ወንድሜ ከእኔ የሚፈልገው ነገር የተገኘበት ቀን ብዙ አልነበረም። ስለ ጥንታዊት አሦር ቅርጻ ቅርጾች የሚናገር ትልቅ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ነበረኝ፤ አብሮኝ ያስተምር የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ የተወልኝ ነው። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ክንፍ ያላቸውን በሬዎች አሳየሁት። ራሳቸው የሰው፣ ጢማቸው የተጠቀለለና ረጅም፣ ክንፋቸው የንስር፣ ገላቸው የበሬ ነው። ከነገሥታቱ ቤተ መንግሥት በር ግራና ቀኝ ይቆሙ ነበር፤ ሰው አጠገባቸው ሲቆም ጉልበታቸውን ትንሽ ቢያልፍ ነው።

ወንድሜ ጣቱን ሥዕሉ ላይ አድርጎ እግሮቹን ቆጠረ። "አምስት ነው እንዴ?"

"አምስት ነው። ከፊት ስታየው ቆሞ ይጠብቅሃል፤ ከጎን ስታየው ይራመዳል። በየትኛውም በኩል ብትመጣ እግር እንዳይጎድለው ብለው ነው።"

"ጎበዞች!" አለና ጭኑን መታ።

ገጹን እየገለጥኩ የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። ነገሥታቱ የአዳራሾቻቸውን ግድግዳ በተቀረጸ ድንጋይ ይሸፍኑት እንደነበር፣ ግብር ይዞ የሚመጣ መልእክተኛ ዙፋኑ ጋ እስኪደርስ በዚያ መካከል ማለፍ እንደነበረበት፣ ሲደርስ ጉልበቱ ቀድሞ እንደሚከዳው ነገርኩት። ወገቧ በቀስት ተመትቶ የኋላ እግሮቿን እየጎተተች፣ በፊት እግሮቿ ብቻ ልትነሣ የምትታገለውን እንስት አንበሳ አሳየሁት። የቀረጻት ሰው ደመወዙን ከንጉሡ እየበላ፣ ልቡ ግን ከእሷ ጋር የነበረ ይመስለኛል። ወንድሜ አለፋት። የቆመው ምርኮኞቹ ያሉበት ገጽ ላይ ነው።

"እነዚህስ?"

"የተሸነፉ ሰዎች ናቸው። እነዚህ ታስረው እየተነዱ ነው። እነዚያ ቆዳቸው እየተገፈፈ ነው። ይሄኛው ደግሞ ንጉሡ አትክልት ቦታ ውስጥ ከንግሥቲቱ ጋር ሲጠጣ ነው፤ ዛፉ ላይ የተንጠለጠለው የጠላቱ ራስ ነው።"

ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ አያቸው። "ፊታቸው የየራሳቸው ነው?"

"አይደለም። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ከየት አገር እንደመጡ የሚታወቀው በልብሳቸውና በቆባቸው ነው።"

"ያ ስሕተት ነው" አለ ወንድሜ። መጽሐፉን ተውሶኝ ሄደ።

በዚያው ክረምት አባታችን ሞተ። ከመሞቱ በፊት፣ እኔም ጎረቤቶችም ተቀምጠን፣ በወንዙ በኩል ያለውን ማሳ ለእህታችን ሰጥቷት ነበር። ወንድሜ ግን ቦታውን በሙሉ ባሕር ዛፍ ሊተክልበት አስቦ ኖሯል። ሴት ልጅ ከአባቷ መሬት ድርሻ የላትም ብሎ ከለከላት። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ዳኛው ጠየቁኝ፤ የሰማሁትን ተናገርኩ። ስናገር ወንድሜ ከኋላዬ ተቀምጦ ነበር። መሬቱ ለእህቴ ተፈረደላት። ከችሎት ስንወጣ ክንዱን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ፣ ረጋ ባለ ድምፅ፣ በከምባትኛ፣ "ጥሩ ተናገርክ" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ለዓመታት አንድ ቃል አልተናገረኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ሻይ ስጠጣ አንድ ጎልማሳ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ጥፍሩ ሥር የደረቀ ሲሚንቶ አለ። ከሀደሮ እንደመጣ፣ ሥራው መቃብር መሥራት እንደሆነ ነገረኝ። በእኛ አገር መንገድ የተጓዘ መቃብሮቹን ያውቃቸዋል፤ በሲሚንቶ ተሠርተው በደማቅ ቀለም ያጌጡ፣ ሟቹ ፈረስ ላይ ሆኖ አንበሳ በጦር ሲወጋ የሚታይባቸው ናቸው። ደስ አለኝና የአሦር ነገሥታትም ልክ እንደዚያ አንበሳ ሲወጉ እንደተቀረጹ፣ የእሱ እጅ የሚሠራውን ሌላ እጅ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ይሠራው እንደነበር አጫወትኩት። ያዳምጠኛል፤ ዓይኑ ግን ከፊቴ አይነቀልም።

"ቲቸር" አለኝ በመጨረሻ፣ "መነጽርዎን ቢያወልቁት ያያሉ?"

"ምንም አላይም" አልኩና አውልቄ ሳቅሁ።

"እስቲ ወደ ጎን ዞር ይበሉ።"

ዞርኩለት። ለምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም። አመስግኖኝ ተነሥቶ ሄደ።

ሆቴሉ የተመረቀው በገበያ ቀን ነው። እኔ አልተጠራሁም። በሩ ላይ ክንፍ ያላቸው ሁለት በሬዎች ቆመዋል፤ ጢም አሳድጎ የማያውቀው ወንድሜ እስከ ደረቱ የሚወርድ የተጠቀለለ ጢም ተደርጎለት፣ በሁለቱም አንገት ላይ ወደ መንገዱ ያያል። ጣዖት ነው ብለው ያጉረመረሙ አልጠፉም። ለጸሎት የተጠራው ሰባኪ ግን ክንፎቹን አይቶ ከኪሩቤል ጋር አመሳሰላቸውና ባረካቸው። እንዲያውም ከእውነት አልራቀም፤ የመጽሐፍ ቅዱስን ኪሩቤል ከእነዚያ በሬዎች ጋር የሚያዛምዱ ሊቃውንት አሉ። የአሦር ነገሥታት መዲና የነበረችውን ነነዌን በከተማችን የማያውቅ የለም። ፕሮቴስታንቱ የዮናስን ስብከት እየሰማ ያድጋል፣ ኦርቶዶክሱ ጾሟን ይጾማል። ግን ሁሉም የሚያውቀው ንስሐ የገባችውን ነነዌ ነው። ግድግዳዋን የሚያውቁት ተማሪዎቼ ብቻ ናቸው፤ ከተማሪዎቼም እንደ ወንድሜ የገባው አንድም አልነበረም።

በማግስቱ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ "ሆቴሉን አየኸው?" አለኝ። አላየሁም ስለው፣ "እንግዲያው በዚያ በኩል አትሂድ" አለ። ሄድኩ።

ከበሩ በስተቀኝ ግድግዳው በሙሉ ተቀርጿል። ንጉሡ ጽዋ ይዞ ዙፋን ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ የወንድሜ ነው። ከፊቱ ምርኮኞች ተሰልፈዋል፣ ሁሉም ጢማም፣ ሁሉም አንድ መልክ። የመጀመሪያው ብቻ ጢም የለውም። ተንበርክኳል፣ የንጉሡ እግር ማጅራቱ ላይ ነው፣ አፍንጫው ላይ መነጽር አለ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ፣ ያለ ምንም ክፋት፣ "ቲቸር! እርስዎን አይመስልም?" አለኝ። ሳቅሁ። ሌላ ምን እንደሚደረግ አላወቅሁም።

በሳምንቱ ውስጥ ከተማው በሙሉ አየው። ተማሪዎች "ምርኮኛው" አሉኝ፤ መጀመሪያ ከኋላዬ፣ በኋላ ፊት ለፊቴ። ፈተና የወደቀ ልጅ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጥንድ ክብ ስሎ በመስመር ያያይዛቸዋል፣ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ባለቤቴ ዱራሜ ዝውውር እንድጠይቅ ለመነችኝ። ዱራሜም የወንድሜ ደንበኞች አሉ አልኳት።

ሽማግሌዎች ለመንኩ። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ሄዱልኝ፣ እኔም አብሬ። ወንድሜ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው፣ ክትፎ አዘዘላቸው፣ የመጡበትን ሲነግሩት አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ። ከዚያ ሁላችንንም ወደ ውጭ አወጣንና ግድግዳው ፊት አቆመን።

"እኔ ያሠራሁት የነነዌን ታሪክ ነው" አላቸው። "መጽሐፉንም የሰጠኝ እሱ ነው። ከእነዚህ የትኛው እሱ እንደሆነ ንገሩት፣ ጣቱን ያሳርፍበት።"

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። አላፊ አግዳሚው መቆም ጀምሯል። ጣቴን ካነሣሁ ምርኮኛው እኔ ነኝ ማለቴ ነው፤ ካላነሣሁ ክስ የለኝም። እጄ ኪሴ ውስጥ ቀረ።

ታላቅየው ሽማግሌ መሬት መሬት እያዩ፣ "መነጽሩን እንኳ ብታነሣው፣ ልጄ" አሉት።

"መነጽሩን?" አለ ወንድሜ እንደ ተገረመ ሰው። "ያለ መነጽር እኮ አያይም።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቀ። ሳያስበው ያመለጠው ሳቅ ነው፤ ወዲያው አፉን በጋቢው ሸፈነ። ሽምግልናው ግን እዚያ ላይ አለቀ። ክትፎው እየቀዘቀዘ ነው ብሎ ወደ ውስጥ አስገባቸው፤ እኔ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የአሦርን ምዕራፍ ማስተማር አላቆምኩም። አንድ ዓመት አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ "ቲቸር፣ ምርኮኞቹ ከዚያ በኋላ የት ሄዱ?" ብላ ጠየቀችኝ። ክፍሉ ሁሉ ምን እንደምል ለማየት ጓጉቷል። ብዙዎቹ ከአገራቸው ተነቅለው እንደተወሰዱ፣ ከተማ እንደገነቡ፣ እነዚያን የድንጋይ በሬዎች በገመድ እየጎተቱ ወደ ቤተ መንግሥት ያደረሷቸው እነሱ ራሳቸው እንደነበሩ፣ ሲጎትቱም ከኋላ በዱላ እንደሚመቱ፣ ያም ራሱ ግድግዳ ላይ እንደተቀረጸ ነገርኳት። ማንም አልሳቀም። ደወሉ ሲደወል ግን ኮሪደሩ ላይ "ጎትት! ጎትት!" የሚል ድምፅ ተከተለኝ።

እህቴ ስለ ግድግዳው ዘግይታ ነው የሰማችው። እኔ አልነገርኳትም፤ ሺንሺቾ ገበያ ላይ አንድ ሰው በስልኩ ፎቶውን አሳያት። ለማንም ሳትናገር መጥረቢያዋን በነጠላ ጠቅልላ ሆሳዕና በሚመጣው ሚኒባስ ተሳፈረች።

ባልደረባዬ ደውሎ ሲነግረኝ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ስደርስ ሕዝቡ መንገዱን ዘግቶታል። እህቴ አጭር ሴት ናት፤ ከሆቴሉ በረንዳ የፕላስቲክ ወንበር ወስዳ ወጥታበት፣ በመጥረቢያው ጀርባ የንጉሡን ፊት ትወቅጣለች። አፍንጫው ወድቋል፣ አንዱ ዓይን ተቦድሷል፣ አፉን ጀምራለች። ዘበኛው ዱላውን ይዞ ዙሪያዋን ይዞራል እንጂ አይቀርባትም። ከዓመታት በፊት ሰዎች ሙዚየም ገብተው የአሦርን ሐውልቶች በመዶሻ ሲያፈርሱ፣ የክንፋሙን በሬ ፊት በማሽን ሲቦረቡሩ በቴሌቪዥን ያየሁ ዕለት እራት መብላት አቅቶኝ ነበር። ያን ቀን የመጥረቢያውን ድምፅ ስሰማ ግን፣ ጨርሺው፣ ጨርሺው እል ነበር በሆዴ።

አየችኝ። "ያንተን አልነካሁም" አለችኝ ከወንበሩ ሳትወርድ። "ያንተ ፊት ምን አደረገኝ?"

አላወቀችም እንጂ ነነዌ በወደቀች ጊዜም ከተማዋን የዘረፉት ሰዎች እንዲሁ አድርገዋል። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ገብተው ሌላውን ሁሉ ትተው የንጉሡን ፊት ብቻ እየፈለጉ ፈልፍለዋል። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት አንዳንድ ነገሥታት እስከ ዛሬ ያለ ፊት ነው የተቀመጡት።

ወንድሜ ከፎቁ ወረደ። አልጮኸም። ጎንበስ ብሎ የወደቀውን አፍንጫ አነሣ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ለደረሱት ፖሊሶች፣ "እንዳትመቷት" አላቸው። "እህቴ ናት። በሕግ ብቻ።"

በማግስቱ ጠበቃው ፖሊስ ጣቢያ መጣ። መሬቱን ለወንድሟ ከለቀቀች ክሱ እንደሚነሣላት ነገራት። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። እህቴ ለጠበቃው አማርኛዋን እየፈለገች፣ "ሌላ ፊት ካለው ያምጣው በሉት" አለችው።

ተፈረደባት። ክረምቱን እስር ቤት አሳለፈችው። ቆጮ ቋጥሬ ስጠይቃት ስለ ማሳዋ ብቻ ታወራኛለች፤ ማን እንደሚጠብቀው፣ ከብት ገብቶበት እንደሆነ። ስትገባ ያልነበረባት ሳል ጀመራት።

በዚያ ክረምት አንድ ቀን በሆቴሉ በኩል ሳልፍ የሀደሮውን ሰውዬ መሰላል ላይ አገኘሁት። የንጉሡን አፍንጫ እየመለሰ ነው፤ አዲሱ ሲሚንቶ ከአሮጌው ጋር አልያዝ እያለ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ፊቱ ይወርዳል።

"ለምን እንደዚህ አደረግህብኝ?" አልኩት።

ከመሰላሉ ሆኖ ግራ በመጋባት አየኝ። "አይመስልም እንዴ?"

"ይመስላል።"

"የንጉሡ ፊት ነው መከራዬን ያበላኝ" አለ፣ እንደ ሥራ ጓደኛው እያዋየኝ። "የእርስዎ በአንድ ጊዜ ነው የወጣው።"

ያን ቀን ከመሰላሉ ሥር በሸራ የተሸፈነ ነገር ነበር። ገልጬ አላየሁም። ያየሁት እህቴ በተፈታችበት ዕለት ነው። በባጃጅ ስወስዳት ሹፌሩን በኋላ በኩል አድርግ ስለው፣ "አይሆንም፣ በሆቴሉ ውሰደኝ" አለች። እዚያ ስንደርስ ወረደች።

ግድግዳው ላይ፣ ከእኔ ኋላ አንዲት ሴት ተንበርክካለች። እጆቿ ታስረዋል። ራሷ ፀጉር የለውም፤ ተላጭታለች።

እህቴ ሳልዋን ይዛ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። "ባሌ የሞተ ጊዜ ነው" አለች። "ያን ጊዜ ነው እንዲህ የተላጨሁት። ከዚያ በፊትም በኋላም ተላጭቼ አላውቅም።" ንጉሡን በአገጯ እያሳየችኝ፣ "ስላጭ ውሃውን የያዘልኝ እሱ ነበር" አለች።

መጥረቢያ አልነበራትም። ቢኖራትም የምታነሣው አይመስለኝም። ነጠላዋን ግንባሯ ድረስ ስባ ባጃጁ ውስጥ ገባች። ሆሳዕና ተመልሳ አልመጣችም። መሬቷ ላይ ግን አለች፤ ወንድሜ አንድ ባሕር ዛፍ አልተከለበትም።

ግድግዳው የፈረሰው መንገድ ሲሰፋ ነው። ኤክስካቫተሩ ከዳቦ ቤቱ አጥር ጀመረ፣ ፋርማሲውን ቀጠለ፣ ከዚያ የእኛን። ኦፕሬተሩ ስለ ነነዌም ስለ እኛም የሚያውቀው የለም፤ ጆሮው ላይ ኢርፎን አለ። ንጉሡ፣ እኔ፣ እህቴ፣ ጢማሞቹ ሁሉ በአንድ ባልዲ ተነሥተን ገልባጭ መኪና ላይ ተጣልን። በሬዎቹ ትንሽ አስቸገሩ፤ ውስጣቸው ብረት ነበረው።

ወንድሜ በረንዳው ላይ ሆኖ ያይ ነበር። አቧራው ሲረጋ ወርዶ ወደ እኔ መጣ። ከችሎቱ ቀን ወዲህ መጀመሪያ የተናገረኝ ያን ዕለት ነው።

"አትደሰት" አለኝ። "ፎቶው አለኝ።"

ለእህቴ ደወልኩላት።

"ፈረሰ" አልኳት።

"ማን አፈረሰው?"

"መንገድ ሊሰፋ ነው።"

"እሱ አየ?"

"አየ።"

"አለቀሰ?"

"አላለቀሰም።"

ስልኩን ዘጋችው።

አዲሱ ግድግዳ በፎቶው መሠረት የተሠራው የሆቴሉ የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ በጂፕሰም። የአሦር ነገሥታት ግድግዳም ከጂፕሰም ዘር በሆነ ድንጋይ ነው የተቀረጸው፤ ለስላሳ ስለሆነ የጥፍር ጫፍና የቅንድብ ፀጉር ሳይቀር ያወጣል። ዝናብ አይነካውም። የንጉሡ ፊት ምንም ስንጥቅ የለበትም። መብራት ከታች ተደርጎለታል።

ይህን የማውቀው ባለፈው ዓመት የባልደረባዬ ልጅ ሠርግ እዚያ ስለነበረ ነው። መቅረት አልቻልኩም። ሙሽሮቹ ተሞሸሩ፣ ተጨፈረ፣ ከዚያ ቤተ ዘመዱ ሁሉ ለፎቶ ወደ ግድግዳው ተጠራ። ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ፎቶ አንሺ ካሜራውን እያስተካከለ እጁን ወደ እኔ አወዛወዘ።

"አባባ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ" አለኝ በትሕትና። "ንጉሡን ከለሉት።"

ፈቀቅ አልኩ።